ባንጆ የክራር ልጅ ነው? ከመጀመሪያው ልጥፍ እስከ ምላሽ 28

ክሩ፣ ማለትም ልጥፉና ከሥሩ የተደረደሩት ምላሾች፣ ረዝሟል። መሀል ላይ የገባ ሰው ማን በማን እንደተቆጣ ግራ ይገባዋል። ጉዳዩ ምንድነው እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ስለሰነበታችሁ፣ ከላይ እስከ ታች አንብቤ በራሴ አነጋገር ላውራላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምላሽ 14 በዚሁ ጉዳይ ስለተቆጣ ነው።

ነገሩን የጀመረው ልጅ አንድ አሜሪካዊ ባንጆ ሲጫወት በቪዲዮ አይቶ ነው። ክብ ሆድ፣ ላዩ ላይ የተወጠረ ቆዳ፣ ቆዳው ላይ የቆመች ትንሽ እንጨት፣ በእሷ ላይ የሚያልፉ አውታሮች። ይሄማ ክራር ነው አለ። በዚህም አላበቃም። በ1840ዎቹ ባንጆ ይዞ አሜሪካንና እንግሊዝን የዞረ ኢትዮፒያን ሴሬናደርስ የሚባል የሙዚቃ ቡድን እንደነበር የሚያሳይ የድሮ ማስታወቂያ አያይዟል። ስማችን እዚያው ላይ ተጽፎ እያለ ለምን ባንጆ የኛ ነው ብለን አንከራከርም የሚል ነበር ጥያቄው። ልጁ ከልቡ ነው የጠየቀው፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ምላሽ 1 ባንዲራ ደርድሮ አጨበጨበ። ምላሽ 2 ወንድሜ እያለ፣ በትህትና፣ ምንጭህ ምንድነው አለው። ጨዋነቱ እስከ ምላሽ 9 ድረስ ቆይቷል ማለት ይቻላል።

ምላሽ 3 ክራር የሚያስተምር ሰው ነው። ከሁሉም ያረካኝ የሱ ነው፣ ምክንያቱም ታሪክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መሳሪያውን ራሱን አየው። ክራር አንገት የለውም። ከገበቴው ሁለት ምሰሶ ይወጣል፣ ምሰሶዎቹን ከላይ ቀንበር ያገናኛቸዋል፣ አውታሮቹ ከቀንበሩ ተነስተው ወርደው ቆዳው ላይ ወዳለችው እንጨት ይመጣሉ። በመካከል የሚጫኑበት ነገር የለም። ስድስት አውታር ያለው ክራር የሚሰጥህ ስድስት ድምፅ ነው። ባንጆ ግን ረጅም አንገት አለው። አውታሩን አንገቱ ላይ ስትጫነው ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል፣ ከአንዷ አውታር ብዙ ድምፅ ታወጣለህ። ስለዚህ ቤተሰባቸው ለየቅል ነው። ቆዳ መወጠር ዝምድና ካረጋገጠ ከበሮም የክራር ወንድም ሊሆን ነው አለና፣ ዝምድና ከተፈለገ መሰንቆ እንደሚሻል ጨመረበት። የመሰንቆ አንገት በሳጥኑ ውስጥ አልፎ በታች በኩል ይወጣል። የድሮዎቹ ባንጆዎችም እንደዚያው በቅሉ ሆድ ውስጥ የሚያልፍ እንጨት ነበራቸው። ልዩነቱ መሰንቆ በደጋን መመታቱ ነው። ይህም ቢሆን የአሠራር መመሳሰል እንጂ የትውልድ ሐረግ አይደለም ብሎ ራሱ ዘጋው።

ምላሽ 4 ደግሞ ወደ ባህሩ ወሰደን። የትኛው ባህር የሚለው ጥያቄ ነገሩን ይቆርጠዋል ባይ ነው። ወደ ካሪቢያንና ወደ አሜሪካ በባርነት የተጫኑት ሰዎች በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ፣ ከሴኔጋምቢያ እስከ አንጎላ ካለው ጠረፍ ነው የሄዱት። ከኛ አካባቢ የተሸጡት ወደ ቀይ ባህር፣ ወደ ዓረብ ምድር ነው የተወሰዱት። ክራር አትላንቲክን የሚሻገርበት መርከብ አልነበረውም። ከዚያ ማስረጃዎቹን አከታተለ። ሐኪሙ ሀንስ ስሎን ከ1687 እስከ 1689 ጃማይካ ነበር። በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እዚያ ያሉ አፍሪካውያን ከቅል የሠሩት፣ ቆዳ የተወጠረበት፣ አንገት ያለው መሳሪያ ተስሏል። በ1770ዎቹ ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም የዘመተው ጆን ገብርኤል ስቴድማን ከዚያ ይዞት የተመለሰው መሳሪያ ዛሬም ላይደን፣ ሆላንድ፣ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። እስካሁን ከተረፉት ባንጆዎች አንጋፋው እሱ ነው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጀፈርሰንም ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፍ የጥቁሮቹ መሳሪያ ይህ መሆኑንና ከአፍሪካ ይዘውት እንደመጡ መዝግቧል።

ምላሽ 5 ጀፈርሰን የሚለው ስም ላይ ቆመ። ያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰውዬ? እሱ ራሱ ከአፍሪካ ነው ካለ በኋላ የነጭ መሳሪያ ነው ብሎ መከራከር ያሳፍራል አለ። እውነቱን ነው።

ምላሽ 6 አጭር ናት፣ ግን ብዙ ሰው አለፋት። በ1739 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስቶኖ በሚባል ቦታ ባሪያዎች አምፀው ነበር። አማፂዎቹ የሄዱት ከበሮ እየመቱ ነው። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ከበሮን፣ ቀንደ መለከትንና ሌሎች ድምፃቸው የሚያስተጋባ መሳሪያዎችን ከለከለ። ቅል ላይ የተወጠረ ቆዳና ጥቂት አውታር ግን በስም አልተጠቀሱም። ምላሽ 6 ባንጆ ከዚህ ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል አለ እንጂ አላጋነነም። እኔም ከዚያ አላልፍም።

ምላሽ 7 ላይ ጋምቢያ ደረስን። ጆላ የሚባሉት ሕዝቦች አኮንቲንግ የሚሉት መሳሪያ አላቸው። በጋምቢያ፣ በሴኔጋል ካዛማንስና በጊኒ ቢሳው ይገኛል። ሆዱ ቅል ነው፣ ፊቱ የፍየል ቆዳ፣ አንገቱ ረጅም ዘንግ፣ አውታሩ ሦስት። ከሦስቱ አንዷ አጭር ናት፣ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚነካት። ሌሎቹን ተጫዋቹ በጣቱ ጥፍር ከላይ ወደ ታች ይመታቸዋል። የአሜሪካ ገጠር ባንጆ የድሮ አመታትም ልክ ይኸው ነው፣ ጥፍር ወደ ታች፣ አውራ ጣት አጭሯ አውታር ላይ። ይህን ለዓለም ያሳወቀው ዳንኤል ላሙዋሁማ ጃታ የተባለ የጋምቢያ ሰው ነው። አሜሪካ ሲማር ባንጆ ሰምቶ የአባቱ አኮንቲንግ ትዝ አለው፣ ከዚያ ዕድሜውን ለዚህ ጉዳይ ሰጠ። ምላሽ 7 ቪዲዮ አያይዞ ነበር። ቪዲዮውን ያየ ሰው ስለ ክራሩ ነገር ሁለተኛ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ምላሽ 8 የማሊ ሙዚቃ ወዳጅ ነው። ንጎኒ ለምን ተረሳ አለ፣ የሴኔጋሎቹ ወሎፎች ካላምስ? እነሱም ቆዳ የተወጠረባቸው፣ ባለ አንገት፣ አጭር አውታር ያላቸው ናቸው። ምላሽ 9 መለሰለት፣ በትህትና። ንጎኒና ካላም ከእንጨት ተፈልፍለው የሚሠሩና የግሪዮቶች፣ ማለትም በዘር የሚተላለፍ ሙያ ያላቸው አዝማሪዎችና ታሪክ ነጋሪዎች መሳሪያ ናቸው። አኮንቲንግ ግን የገበሬው ነው፣ ማንም ያነሳዋል። ሆኖም አንድ አባት ፍለጋውን ራሱ ተው አለን። ካሪቢያን ላይ ከብዙ አገር የተጋዙ፣ ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች አንድ ቦታ ተገኙ። እያንዳንዱ የሚያውቀውን መሳሪያ በእጁ ባገኘው ቅልና እንጨት ሠራ። ጠፍጣፋው አንገትና የሚጠመዘዘው መቃኛ እዚያ የተጨመረ ነው፣ ከአውሮፓ መሳሪያዎች የታየ። ስለዚህ ባንጆ ከአፍሪካ ተጭኖ የመጣ ዕቃ አይደለም፣ አፍሪካውያን በባርነት ምድር የፈጠሩት አዲስ መሳሪያ ነው። ለኔ የክሩ ቁም ነገር ይኼ ነው፣ ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ የዚህ ጭራ ነው።

ግን ክር አይደል፣ አላበቃም። ምላሽ 10 ላይ የመጀመሪያው ልጅ ተመለሰ። እሺ መርከቡ ይሁን፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው ኢትዮፒያን የሚለውስ ከየት መጣ አለ።

ምላሽ 11 ትዕግሥቱ አለቀ። ማስታወቂያውን ሳታነበው ነው እንዴ የለጠፍከው ብሎ ጀመረ። ኢትዮፒያን ሴሬናደርስ ነጮች ነበሩ። ቡሽ አቃጥለው ፊታቸውን እያጠቆሩ፣ ከንፈራቸውን እያጋነኑ፣ በጥቁር ሰው አነጋገርና ዳንስ እየቀለዱ ገንዘብ የሚሰበስቡ። በ1843 ኒው ዮርክ ላይ ቨርጂኒያ ሚንስትረልስ የሚባሉ አራት ሰዎች ይህን ትርኢት ሙሉ ፕሮግራም አድርገው አቀረቡት፣ ከአራቱ አንዱ ባንጆ ይዟል። ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። ኢትዮፒያን ሴሬናደርስ በ1844 ዋይት ሀውስ ገብተው ተጫወቱ፣ በ1846 ለንደን ሄዱ። ኢትዮፒያን ማለት ያኔ በእንግሊዝኛው ጥቁር ማለት ነው፣ ጎንደርንም ሸዋንም የሚያውቅ አንድም አልነበረም። የስድብ ትርኢት ላይ ስማችን ተለጠፈ ብለህ ልትኮራ ነው ወይ ብሎ ጨረሰ። ያለው ሁሉ ትክክል ነው። አባባሉ ግን ለአንድ ጠያቂ የሚገባ አልነበረም።

ምላሽ 12 ልጁ ነው። እስካሁን አንተ ሲባባሉ ቆይተው ድንገት እርስዎ ማለት ጀመረ። እርስዎ አዋቂ ነዎት፣ እርስዎ ያስተምሩን እያለ። እንዲህ ያለው እርስዎ ከስድብ ይብሳል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ምላሽ 13 አንድ ትልቅ ሰው ጣልቃ ገቡና ሁለቱንም ልጆቼ ብለው አበረዱ። ከኩራትም ከንዴትም በፊት አንድ ነገር እንዳይረሳ አሉ። ያ ትርኢት ባንጆን በዓለም ሁሉ አሳወቀው፣ በዚያው ልክ ባለቤቶቹ እንዲያፍሩበት አደረገ። ሁለቱም በአንድ ቀን አልሆነም፣ ግን ከአንድ መድረክ ነው የወጣው።

ምላሽ 14 ከየት እንደመጣ አይታወቅም። 1843 የኛ ነው የነሱ፣ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ላይ የነገሡበት ዘመን ነው ወይስ ሌላ ብሎ ጮኸ፣ እ.ኤ.አ. የሚል አንድም ሰው አልጻፈም አለ። የነሱ ነው፣ ሣህለ ሥላሴም ነግሠው ነበር። ሦስት ሰው ሳቀበት።

ምላሽ 15 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። በብዙ የአሜሪካ ጽሑፍ ላይ አምስተኛዋን አጭር አውታር የጨመረው ጆኤል ስዊኒ ነው ይባላል። የአፖማቶክስ፣ ቨርጂኒያ ነጭ፣ በ1810 የተወለደ። ባንጆን መድረክ ላይ ካወጡት ነጮች የመጀመሪያዎቹ ውስጥ መሆኑ እውነት ነው። አውታሯ ግን የሱ አይደለችም። ስዊኒ ሳይወለድ በፊት፣ በ1780ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የተሳለ የውሃ ቀለም ሥዕል አለ። ባሪያዎች ሲጨፍሩ ያሳያል፣ አንዱ የቅል ባንጆ ይዟል፣ አጭሯ አውታር በግልጽ ትታያለች። ዛሬ ሥዕሉ ዊልያምስበርግ፣ ቨርጂኒያ ሙዚየም ውስጥ ነው። ምናልባት ስዊኒ ወፍራሟን አውታር ጨምሯል ይባላል። የጨመረ ይጨምር፣ የሰው ግን አይውሰድ የሚል ነበር የምላሽ 15 አነጋገር።

ከዚያ ምላሽ 16 ሁላችንም ውስጥ የነበረውን ጥያቄ አወጣው። ታዲያ ዛሬ ባንጆ ሲባል ለምን ባለ ጢም ነጭ ገበሬ ነው በዓይናችን የሚመጣው?

ምላሽ 17 ረጅም ነው፣ አሳጥሬ ላቅርበው። አንዱ ምክንያት ምላሽ 13 ያነሱት እፍረት ነው፤ ቡሽ የተቀባ ፊት ካየህ በኋላ መሳሪያውን መያዝ ይከብዳል። ሌላው ጊታር ነው። በፖስታ ካታሎግ በርካሽ ይገዛ ጀመር፣ ድምፁ ይረዝማል፣ ለብሉዝ ይመቻል፣ ባንጆ ደግሞ ቶሎ ይቆማል። በ1890ዎቹ ፋብሪካዎቹ ባንጆን ለሀብታም ሳሎን አስጊጠው መሸጥ ይዘው ነበር፣ የፊላደልፊያው ኤስ.ኤስ. ስቱዋርት ከገጠር ስሙ ሊያላቅቀው ብዙ ደከመ። በ1920ዎቹ የሸክላ ኩባንያዎች ሙዚቃውን በዘር ከፍለው መሸጥ ጀመሩ፣ ለጥቁር ብሉዝ፣ ለገጠር ነጭ የባለ አውታር መሳሪያዎች ሙዚቃ። ባንጆ የሚመታ ጥቁር ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ቦታ አጣ። በመጨረሻ በ1945 የኖርዝ ካሮላይናው ኧርል ስክራግስ የቢል ሞንሮን ባንድ ተቀላቀለ። በሦስት ጣት፣ እንደ መትረየስ የሚፈጥን አመታት ይዞ መጣ፣ ብሉግራስ የሚባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ድምፅ በዚያ ቆመ። በ1972 የወጣ የሆሊውድ ፊልም ደግሞ ባንጆን ከሚያስፈራ ገጠር ጋር አጣብቆት ቀረ። 

ምላሽ 18 አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ ነድቷል። አንድ ጊዜ ክብ ሻንጣ የያዙ ሽማግሌ ጫነ። ከበሮ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ባንጆ መሆኑን ነግረውት ከየት ነህ አሉት፣ ከኢትዮጵያ ሲላቸው ታዲያ ይህ መሳሪያ ከአህጉርህ እንደወጣ እንዴት አታውቅም ብለው መንገዱን ሙሉ ሲያስተምሩት ሄዱ። አፍሮ ነበር፣ ግን ሲወርዱ ጥሩ ጉርሻ ሰጡት። ምላሽ 18 ከታሪኩ ይልቅ ጉርሻውን ያስታወሰው ይመስለኛል።

ምላሽ 19 የምላሽ 17ን ነገር አረመ፣ ትንሽም ቆጣ ብሎ። ጥቁሮች ባንጆን ተዉት ብሎ መጻፍ ያልተዉትን ሰዎች መሰረዝ ነው። ጋስ ካነን ሜምፊስ ላይ ባንጆ እየመታ በ1920ዎቹ ሸክላ አሳትሟል። ጆ ቶምሰን፣ የኖርዝ ካሮላይና ጥቁር ቫዮሊን ተጫዋች፣ የቤተሰቡን የቫዮሊንና የባንጆ ጨዋታ እስከ እርጅናው ይዞ ቆየ። በ2005 ቡን፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ጉባኤ ተደረገ። እዚያ የተገናኙ ሦስት ወጣቶች በየጊዜው ጆ ቶምሰን ቤት እየሄዱ ተማሩ፣ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የሚባለውን ባንድ መሠረቱ፣ ግራሚም አገኙ። ከሦስቱ አንዷ ሪያነን ጊደንስ ናት። በ2023 በኦፔራ ሥራዋ ፑሊትዘር የሚባለውን የአሜሪካ ሽልማት አገኘች፣ በ2024 ደግሞ ቢዮንሴ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣችበት ዘፈን ላይ ባንጆውን የመታችው እሷ ናት። ምላሽ 16 ዘፈኑን መቶ ጊዜ ሰምቶ ማን እንደመታው አለማወቁን አስተውሉ ብሎ ወጋ አደረገው። አያስፈልግም ነበር።

ምላሽ 20 ጃዝ ተረሳ አለ። ልክ ነው። ማይክሮፎን ሳይስፋፋ ጡሩምባዎች መሀል የሚሰማ ባለ አውታር መሳሪያ ባንጆ ነበር። ጡሩምባ ነፊው ሉዊ አርምስትሮንግ በ1925 ሆት ፋይቭ ከሚባለው ባንዱ ጋር ሲቀርጽ ጆኒ ሴንት ሲር ባንጆ ይዞ ከጎኑ ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበተነ። ምላሽ 21 አየርላንድ ደረሰ። ደብሊነርስ የሚባለው ባንድ ውስጥ የነበረው ባርኒ ማኬና ባለ አራት አውታሩን ባንጆ ልክ እንደ ማንዶሊን ቃኘው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ። ማንዶሊን ሲባል የኛው አየለ ማሞ ታወሰውና ስለሱ ረጅም ምስጋና ጻፈ። ከርዕስ የወጣ ነው፣ ግን ማን ይከለክለዋል። ምላሽ 22 አዲስ አበባ ባንጆ የት ይሸጣል፣ ዋጋውስ አለ። እስካሁን የመለሰለት የለም።

ምላሽ 23 ግን አንብቡት። ኩዌት የምትሠራ እህት ናት። አሠሪዎቿ ቤት በቴሌቪዥን ጭፈራ አየች። ክራር ነው ብላ ተነሳች። መሳሪያው ጣንቡራ ይባላል። ስድስት አውታር፣ ቀንበር፣ ሁለት ምሰሶ፣ ቆዳ የለበሰ ገበቴ። አንዱ ጨፋሪ ወገቡ ላይ የፍየል ሰኮና የተደረደረበት መቀነት ታጥቆ ያንኳኳል። ከሱዳንና ከአካባቢው በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው ወደ ኩዌት፣ ባህሬንና ባስራ ያደረሱት። ምላሽ 24 የቀረውን ሞላው። በሱዳን ዛር ቱምቡራ የሚባል ሥርዓት አለ፣ ስሙን ከዚሁ መሳሪያ ነው ያገኘው። ዛር እኛ ቤት ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ትንሿ ዘመዱ ሲምሲሚያ ደግሞ ፖርት ሰዒድና ስዊዝ ላይ አለች። የመጀመሪያው ልጅ መሳሪያችን ባህር ተሻግሯል ማለቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም፣ ባህሩን ነው የሳተው። ቢያንስ የክራር ቤተሰብ በቀይ ባህር ዙሪያ ተጉዟል። ምላሽ 4 ይህን መንገድ ገና በመጀመሪያ ጠቁሞ ነበር፣ ሁላችንም ወደ አትላንቲክ ሮጥን።

ምላሽ 25 ልጁ ነው፣ በረድ ብሎ። ክርክሩን ትቼዋለሁ፣ ግን ባንጆ ላይ ትዝታ ይወጣል ወይ አለ። ምላሽ 26፣ ያ የክራር መምህር፣ ደስ ብሎት ጻፈለት። ባለ አምስት አውታሩ ባንጆ በተለምዶ የሚቃኘው፣ በፈረንጅ የኖታ ስም፣ አጭሯ ከላይ ጂ፣ ከዚያ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ተብሎ ነው። ትዝታ ሜጀር ከጂ ሲነሳ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ነው። አንዷም ክፍት አውታር ከቅኝቱ አትወጣም። ኤን ሦስተኛዋ አውታር ሁለተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የመጫኛ መስመር) ላይ፣ ኢን አንደኛዋ ሁለተኛ ፍሬት ላይ ታገኛለህ፣ ሌላው ሁሉ ክፍት ነው። አጭሯ አውታር ላይ አውራ ጣትህን አትርሳ። ማይነሩን ከፈለግህ ቢዋን በግማሽ ድምፅ አውርዳት፣ ኢዋንም አንድ ፍሬት ወደ ኋላ መልሳት።

ምላሽ 27 ታዲያ አንቺሆዬስ አለ። ምላሽ 28 ያው መምህሩ ነው። ሁለቱ የዲ አውታሮችም ቢዋም ከቅኝቱ ውጭ ስለሆኑ ከአምስቱ ሦስቱን ፈትቶ እንደገና መቃኘት ይጠይቃል፣ ለዚያማ ክራርህን አንሳ አለው።